የጋራ ምት፦ ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይናበባል?

በዚህ መድረክ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን እርስ በርስ እንዴት ያጣጥማሉ?» የሚል ነው። ርእሱ ሲሰማ ለተመራማሪዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ጤፍ በደቦ ያጨደ፣ በአንድ ሙቀጫ ለሁለት በርበሬ የወቀጠ፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ የተሸከመ፣ በማኅሌት ቆሞ ጸናጽል ያንሿሿ፣ በሠርግ ትከሻውን የሰበቀ ሰው ሁሉ ጉዳዩን በሰውነቱ ያውቀዋል። የእኔ ድርሻ እጅና እግራችሁ የሚያውቀውን ነገር በቃል አውጥቶ ከፊታችሁ ማስቀመጥና አብሮ መመርመር ነው።

ዛሬ የማስረዳው አንድ ሐሳብ ነው፤ ደጋግሜም አነሣዋለሁ። ሰዎች በአንድ ምት የሚንቀሳቀሱት አንዱ ስላዘዘ ወይም ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አይደለም። እያንዳንዱ ከራሱ ፍጥነት ላይ ጥቂት ቀንሶ ወይም ጨምሮ ለጎኑ ሰው ስለሚሰጥ ነው። ይህን በአራት ነጥብ ከፍዬ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መናበብ ራሱ ምን እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ መናበብ መመሳሰል እንዳልሆነ፤ ሦስተኛ፣ አብሮ መንቀሳቀስ በሰዎቹ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ፤ አራተኛ፣ በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሡ ለሚችሉ ተቃውሞዎች ምን መልስ እንዳለ።

አንደኛው ነጥብ፦ መናበብ መከተል ብቻ አይደለም፣ አስቀድሞ መገመትም ነው። ጤፍ የሚታጨድበትን ማሳ አስቡ። መኸር ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ባለቤቱ እንጀራና ጠላ ያሰናዳል፤ አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው በመስመር ይገባሉ። ጉልበተኛ ወጣት አለ፣ ወገቡ የደከመ ሽማግሌ አለ፣ እጁ ገና ያልተፍታታ ልጅ አለ። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይጀምራል። ከዚያ አውራጁ ዜማ ያነሣል፣ ተቀባዮች ይመልሳሉ፤ ጥቂት ቆይቶ የማጭዱ ድምፅ ከየአቅጣጫው መንኮሻኮሹን ትቶ አንድ ላይ ይሰማል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ሰው አንድ ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጊዜ ያልፋል። እያንዳንዱ አጫጅ የጎረቤቱን ማጭድ ጠብቆ ቢከተል ኖሮ ሁልጊዜ በዚያች ቅጽበት ይዘገይ ነበር፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አራተኛው ከሦስተኛው እየዘገየ መስመሩ በሙሉ ይዛነፍ ነበር። ግን አይዛነፍም። ተመራማሪዎች ሰዎችን «ከዚህ ድምፅ ጋር እኩል ጠረጴዛውን በጣታችሁ ምቱ» ብለው ሲፈትኗቸው አብዛኞቹ ድምፁ ከመምጣቱ ከመቶ ጥቂት እጅ በምታህል የሰከንድ ክፋይ ቀድመው እንደሚመቱ አይተዋል፤ እነሱ ግን እኩል የመቱ ይመስላቸዋል። ሰው የሚመጣውን ምት ይገምታል፤ ግምቱ ሲሳሳት ቀጣዩን ያርማል። ዜማው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ዜማ ድካም ማስረሻ ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ ምት መቼ እንደሚወድቅ ለሁሉም እኩል የሚያስታውቅ ነገር ነው።

ግምቱን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረውስ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1665 ክርስቲያን ሁይገንስ የተባለው የኔዘርላንድ ሊቅ ታሞ ተኝቶ ሳለ በአንድ አግዳሚ እንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ባለ ፔንዱለም ሰዓቶችን ይመለከት ነበር። የሁለቱ ፔንዱለሞች ጊዜያቸውን ሳያዛንፉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሌላው ወደ ግራ እያለ ይወዛወዙ ነበር። ሆን ብሎ ቢያዛባቸውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመልሰው ይገጣጠማሉ። ምክንያቱ እንጨቱ ነበር፤ እያንዳንዱ ፔንዱለም አግዳሚውን በማይታይ መጠን ይነቀንቀዋል፣ ንቅናቄውም ለሌላው ይደርሳል። ይህ ማብራሪያ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቀንበር ያውቃልና። ገና ያልተገራ ወይፈን ከለመደ በሬ ጋር የሚጠመደው የአንዱ እርምጃ በቀንበሩ በኩል ለሌላው ስለሚሰማ ነው። ወይፈኑ ሲቸኩል ቀንበሩ ያዘዋል፤ ሲዘገይ ይጎትተዋል፤ የለመደውም በሬ ቢሆን የወይፈኑን ጉተታ ሳይቀምስ አይውልም። ለሰዓቶቹ ቀንበራቸው ያ እንጨት ነበር። ለእኛ ደግሞ ቀንበራችን የምንሰማው ድምፅ፣ የምናየው ትከሻ፣ በጋራ የምንይዘው ሸክም ነው።

ቀንበር ሁለቱንም ወገን እንደሚነካ ልብ በሉልኝ፤ የሐሳቤ እምብርት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት ሁለት ሰዎች በተለያየ ክፍል ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ምት እየሰማ በጣታቸው እንዲመቱ ተደረገ። ከሁለቱ አንዱ መሪ፣ ሌላው ተከታይ ሆኖ ይወጣል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። የታየው ግን ሁለቱም በየምቱ ወደ ሌላው ሲያዘነብሉ ነው፤ ሁለት ተከታይ ነበረ፣ መሪ አልነበረም። የመደማመጡ መንገድ ሲረዝም ወይም ሲቋረጥ መናበቡም አብሮ ይላላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 34 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው። በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ ከፊት ያሉት የሚያጨበጭቡትና ከኋላ ያለው ሕዝብ የሚያጨበጭበው የማይገጥመው በዚህ ነው። የኋለኞቹ ቸል ብለው አይደለም፤ ከሚሰሙት ጋር በሚገባ ገጥመዋል፤ የሚሰሙት ግን ያለፈውን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፦ መናበብ መመሳሰል አይደለም። ብዙ ጊዜ «አብረው ተንቀሳቀሱ» ስንል ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ቅጽበት ሲያደርጉ ይታየናል። በቡሬ ዙሪያ በርበሬ ሲወቀጥ የምታዩት ሌላ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ዙሪያ ፊት ለፊት ቆመው የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይወጣል። ሁለቱ አንድ ቅጽበት ቢመርጡ ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። መናበባቸው ያለው በመፈራረቃቸው ነው። ይህ መፈራረቅ ከመመሳሰል የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ማስረጃውንም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ማግኘት ትችላላችሁ። እስቲ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቻችሁን ወደፊት ዘርጉ። ሁለቱንም ጣት አንድ ላይ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አንድ ላይ ወደ ግራ አወዛውዙ፤ አንዱ ጣት ወደ ውስጥ ሲመጣ ሌላው ወደ ውጭ ይሄዳልና ይህ መፈራረቅ ነው። ቀስ ብላችሁ ጀምሩና ፍጥነት ጨምሩ። አንድ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ጣቶቻችሁ ሳታዝዟቸው ሁለቱም ወደ ውስጥ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ ማለት ይጀምራሉ። ስኮት ኬልሶ የተባለው ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጥንቃቄ ለካው። በ1990 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው እየተያዩ እግራቸውን በማፈራረቅ እንዲያወዛውዙ አደረጉ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር የሁለት የተለያዩ ሰዎች እግሮችም ልክ እንደ አንድ ሰው ጣቶች ከመፈራረቅ ወደ መመሳሰል ተንሸራተቱ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ከዐይን በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ በዝግታ ጊዜ መፈራረቅም መመሳሰልም እንደሚቻል፣ ችኮላ ሲመጣ ግን መፈራረቁ ፈጥኖ እንደሚፈርስ ነው። ሙቀጫው ላይ ያሉት ሴቶች እስትንፋሳቸውን በድምፅ እያወጡ የሚወቅጡት፣ ፍጥነታቸውንም የሚገድቡት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ቃሬዛንም በዚሁ ዐይን እንየው። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ተሸካሚዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እግር እኩል እያነሡ ቢራመዱ ቃሬዛው በየእርምጃው ይናጣል። ስለዚህም በወታደራዊ የቃሬዛ ሥልጠና ከፊት ያለው በግራ እግሩ ሲነሣ ከኋላ ያለው በቀኙ እንዲነሣ ይማራል። ሲሮጡ ግን፣ አሁን እንዳየነው፣ እግሮች ወደ መመሳሰል ያዘነብላሉ፤ በጣም በተቸኮለበት ሰዓት ሕመምተኛው በጣም ይናጣል ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ተረቱ እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ክብደትን ስለ መከፋፈል ነው። ሎሚ ለየብቻ ይያዛል። ቃሬዛን ክብደቱን መከፋፈል ብቻ አያቀለውም፤ ጊዜውንም መከፋፈል ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። በቅዱስ ያሬድ ዜማ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ እየተመሩ ይቀባበላሉ። ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ይሸጋገራሉ፤ መቋሚያው በዝግታ ሲወዛወዝ ቆይቶ ከበሮው ይከተላል፣ ጭብጨባው ይፈጥናል። ወደ ፈጣኑ በደረጃ እንጂ በድንገት አይዘለልም። አቋቋም የሚባለው ይህ ሥርዓት የዓመታት ትምህርት የሚሆነው እንቅስቃሴው ስለሚያስቸግር ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከደረጃ ወደ ደረጃ ሳይበታተን ማሻገር ራሱ ሙያ ስለሆነ ጭምር ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፦ አብሮ መንቀሳቀስ ሰዎቹን ይለውጣቸዋል። የተለመደው አስተሳሰብ «ሰዎች ስለሚዋደዱ አብረው ይሠራሉ» የሚል ነው። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ዊልያም ማክኒል የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 ወታደር ሆኖ ቴክሳስ ውስጥ ሰልፍ ሲሠለጥን በሰውነቱ ውስጥ የተሰማውን ያልጠበቀው የደስታ ስሜት አልረሳውም፤ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ጭፈራና ሰልፍ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ማኅበረሰብን ያስተሳሰሩ ኃይሎች እንደሆኑ ተከራከረ። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ አብረው እርምጃ ጠብቀው የተራመዱ ሰዎች እንዲሁ ከተራመዱት ይልቅ በኋላ በተሰጣቸው የገንዘብ ጨዋታ ይበልጥ ለቡድናቸው ሲያስቡ አሳየ። በ2010 በወጣ ሌላ ጥናት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ 12 ጀልባ ቀዛፊዎች ሲፈተኑ፣ በቡድን ከቀዘፉ በኋላ ሕመም የመቻል አቅማቸው ያንኑ ያህል ለብቻቸው ከቀዘፉ በኋላ ከነበረው ከፍ ብሎ ተገኘ። እነዚህ ጥናቶች ትንንሾች ናቸው፤ ተመሳሳይ ሙከራዎች ሁሉ እኩል ውጤት አላሳዩም። ስለዚህ አብሮ መራመድ ጠብን ሁሉ ያበርዳል የሚል ቃል አልሰጣችሁም። የምለው ይህን ነው፦ ፍቅር ወደ ጋራ ምት እንደሚወስድ ሁሉ የጋራ ምትም ወደ መቀራረብ የሚወስድ መንገድ አለው።

ደቦንና ወንፈልን በዚህ ሚዛን እንመዝን። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ ያጨድህልኝን ነገ ለአንተ አጭዳለሁ። ደቦ ግን ባለቤቱ ደግሶ ይጠራዋል፤ ጉልበት ለሌላት ባልቴት ወይም ለታመመ ጎረቤት ሲሆን የሚመለስ ብድር አይታሰብም። በሒሳብ ብቻ ካየነው፣ ብዙ እጅ በአንድ ማሳ ላይ ማሰባሰብ አዝመራው ሳይረግፍና ዝናብ ሳይደርስበት ለማንሣት ይጠቅማል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሒሳቡ የማይዘው ሌላም ነገር አለ። ጉልበተኛው ወጣት ከአውራጁ ዜማ ጋር ሲሄድ ሊሄድ ከሚችለው ያነሰ ይፈጥናል፤ ሽማግሌው ለብቻው ከሚሄደው ጥቂት ይፈጥናል። ወጣቱ ከፍጥነቱ ላይ ሰጠ፤ ሽማግሌው ከዝግታው ላይ ሰጠ። ምቱ የማንኛቸውም የግል ንብረት አይደለም። በዚያ ማሳ የዋሉ ሰዎች ማታ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ሥራ ብቻ አልጨረሱም፤ አንዱ ለአንዱ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚችል ተማምረዋል።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ለተቃውሞዎች የተመደበ ነው። የመጀመሪያው ተቃውሞ «መሪ የለም ትላለህ፤ አውራጁስ? መሪጌታውስ? ከበሮ መቺውስ?» ይላል። መሪ የለም አላልሁም፤ መሪ ብቻውን አይበቃም ነው ያልሁት። ተቀባዮቹ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ዜማውን የማያዘገይ አውራጅ ብዙም ሳይቆይ ብቻውን ይዘፍናል። ሁለት የአራት ሰዎች የክር መሣሪያ ቡድኖችን የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በአንደኛው ቡድን ሁሉም እኩል እየተራረሙ ሲጫወቱ፣ በሌላኛው ግን የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች ከሌሎቹ ያነሰ እርማት ያደርግ እንደነበር አሳይቷል። እንግዲህ የአመራሩ ዓይነት ሊለያይ ይችላል። መሪነት ግን ከመስማት ነፃ መሆን አይደለም፤ ጥሩ መሪ ከሁሉ ይልቅ ይሰማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። «አብሮ መራመድ ሰውን ወደ ክፉም ይወስዳል፤ አምባገነኖች ሁሉ ሰልፍ ይወዳሉ።» እውነት ነው። ማክኒል የገለጠው የሰልፍ ደስታ ለግፍ የዘመቱ ሠራዊቶችም የቀመሱት ደስታ ነው። ምት አቅጣጫ የለውም፤ ጉልበት ብቻ ነው ያለው። ግን እስካሁን ያልሁትን ብንይዝ መለያ አናጣም። በደቦው መስመር ሽማግሌው ሲደክም ምቱ ይዘገያል፤ ሰልፉ በሚታዘዝበት ሜዳ የደከመው ሰው ከመስመር ይወጣል። በመጀመሪያው ምቱ ለሰው ይታጠፋል፤ በሁለተኛው ሰው ለምቱ ይታጠፋል። ስለዚህ አንድን የጋራ እንቅስቃሴ ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ በመካከላችን ያለው ደካማ ሰው ምቱን የመለወጥ መብት አለው ወይስ የለውም? የሌለው ከሆነ ያ መናበብ አይደለም፤ መጎተት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። «ኮምባይነር እየመጣ፣ የእህል ወፍጮ ሙቀጫውን እየተካ፣ ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቶላት ስለ ደቦ ዜማ ማውራት ምን ይረባል?» የሙቀጫን ድካም መልሱልን የምትል እናት የለችም፤ እኔም አልልም። ድካሙ ይቅር። ነገር ግን ማሽን የራሱ ምት እንዳለው አንርሳ። ቀደም ሲል ባነሣሁት የ2010 የጣት ምት ጥናት ሰዎች ከማይሰማ ኮምፒዩተር ጋር ሲመቱ ማስተካከሉ ሁሉ በሰውዬው ላይ ወደቀ፤ ኮምፒዩተሩ ምንም አልሰጠም። ከማሽን ጋር የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ ይሰጣል፣ የሚቀበለው የለም። ልጆቻችን ወደ ፋብሪካ በገቡ ቁጥር፣ ማሳችን በማሽን በታጨደ ቁጥር፣ ሰው ከሰው ጋር የሚሰጣጥበትን ጊዜ ሆን ብለን ማኖር ይገባናል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የቡሄ ሆያ ሆዬ፣ የትምህርት ቤት የባህል ቡድን፣ የሠርግ ጭፈራ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርገው ከታዩ የመጀመሪያ ተቀናሾች ይሆናሉ። እኔ ግን የመደማመጥ ትምህርት ቤቶች ናቸው እላለሁ፤ ድሮ ይህን ትምህርት በነፃ ይሰጥ የነበረው ሥራው ራሱ ነበር፤ ሥራው ከተለወጠ ትምህርቱን ሌላ ቦታ መስጠት የእኛ ግዴታ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ ንግግሬን የምዘጋው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እናንተው ልታሳዩት በምትችሉት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት በሩማንያና በሀንጋሪ የቴአትርና የሙዚቃ አዳራሾች የተቀዳ ጭብጨባ ተመርምሮ ነበር። ጭብጨባው እንደ ዝናብ ተዘበራርቆ ይጀምራል። ከዚያ ማንም ሳያዝዝ በአንድ ምት ይገጥማል። የገጠመው እንዴት ነው? እያንዳንዱ አጨብጫቢ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ገደማ ስለቀነሰ ነው። ሰዎቹ አድናቆታቸውን ከፍ አድርገው ለማሰማት ሲሉ እንደገና ሲፈጥኑ መግጠሙ ይጠፋል። ድምፅ የበዛው በመዘበራረቁ ጊዜ ነበር፤ አንድነት የተሰማው ግን ሁሉም በቀነሱበት ጊዜ። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ፣ ነገ ማሳ ላይ፣ ማኅሌት ላይ፣ ስብሰባ ላይ ስትገናኙ፣ «ከእኔ ጋር ለምን አይሄዱም?» ከማለታችሁ በፊት «እኔ ከፍጥነቴ ላይ ምን ሰጠሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወጣቱ ይህን ቢጠይቅ ሽማግሌው በመስመሩ ውስጥ ይቆያል፤ አውራጁ ቢጠይቅ ተቀባይ አያጣም፤ ቃሬዛ የያዙት ቢጠይቁ ሕመምተኛው ሳይናጥ ይደርሳል።